መብራቱን ላጥፋው ወይስ ችግሩን ልፈልገው?

ከተክለሃይማኖት ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ፣ ጌጃ ሰፈር ገባ ብሎ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት አለ። ባለፈው ክረምት ከአጎቴ ጋር እዚያ ሄድን። የመኪናው ዳሽቦርድ ላይ የኤርባግ መብራት በርቶ አልጠፋ ብሎታል። ኤርባግ ግጭት ሲደርስ ተነፍቶ ሰውን ከጉዳት የሚከላከለው ከረጢት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ወጣት ነው። ገብቶ ተቀመጠና ቁልፉን አዙሮ መብራቱን አየ። ከዚያ አንገቱን በመስኮት ብቅ አድርጎ አጎቴን ጠየቀው፦ «ጋሼ፣ መብራቱን ላጥፋልዎት ወይስ ችግሩን ልፈልገው?»

ልጁ ተንኮል አላሰበም። ሆቴል ቤት ስንገባ «የጾም ነው የፍስክ?» እንደምንባለው ነው የጠየቀው። ሁለቱንም ይሠራል፣ ለሁለቱም ዋጋ አለው። መብራቱን ማጥፋት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ርካሽም ነው። ችግሩን መፈለግ ግን ስንት ቀን እንደሚወስድና ስንት ብር እንደሚበላ አስቀድሞ አይታወቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣም። እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደ ተራ ነገር ሊጠየቅ የቻለው «አጥፋልኝ» የሚል ደንበኛ ስላለ ነው። ደንበኛው ደግሞ ገንዘብ የቸገረው ሰው አይደለም። ያን ቀን ደጃፉ ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩት መኪኖች አብዛኞቹ በሚሊዮኖች የሚሸጡ ናቸው።

ስለ መኪናው ክፉ አይወራም

የአጎቴ መኪና አውሮፓ ሠራሽ ነው። ያገለገለ ሆኖ በዱባይ በኩል የገባ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ወደፊት እንደምታዩት ጥፋቱም የፋብሪካው አይደለም። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ነግዶ ካገኘው ብዙውን አፍስሶበታል። ቤተሰብ ውስጥ ሠርግ ሲኖር ሙሽሮቹ የሚሄዱት በዚህ መኪና ነው። እሑድ እሑድ ባለቤቱን ከፊት፣ ልጆቹን ከኋላ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳቸዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና ከመጓጓዣነቱ ይልቅ ጥሪትነቱ ይበልጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ውጪ ያሉ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። ቀድሞ የገቡት ተፈላጊነታቸው ጨመረ። ገንዘቡ ዋጋ እንዳያጣበት ብሎ መኪና የሚገዛ ሰው ሞልቷል።

ጥሪት ከሆነ ደግሞ ስለ ችግሩ አይወራም። አንድ ጎረቤት አለኝ። መኪናው በአየር ግፊት ከፍ ዝቅ የሚል ቅንጡ መኪና ነው። አየሩ ሌሊት ይወጣና መኪናው ወደ አንድ ጎን ተኝቶ ያድራል። ሰውየው ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይወርዳል፤ ሞተሩን አስነስቶ መኪናው ቀስ ብሎ እስኪነሳ ይጠብቃል። የተኛበትን ጎን ሰው እንዳያየው ሁልጊዜ ወደ ግንቡ አስጠግቶ ነው የሚያቆመው። ካዛንቺስ ቡና ስንጠጣ ስለ ነዳጅ ሰልፍ ይነግረኛል፣ ስለ መንገድ ይነግረኛል። ስለ መኪናው ስጠይቀው መልሱ አንድ ነው፦ «ምን ይወጣለታል!»

አልፈርድበትም። አንድ ቃል ቢያመልጠው ለደላላው ይደርሳል፤ ደላላው ጋ ከደረሰ ዋጋው ወረደ ማለት ነው። ግን አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። የተደበቀው በሽታ የባለቤቱ ብቻ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። መኪና ግን ይሸጣል። በሽታውም አብሮ ይሸጣል።

ውድ መኪና አይበላሽም የሚለው እምነትም ዝምታውን ያግዘዋል። ጄ.ዲ. ፓወር የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በየዓመቱ ባለመኪኖችን እየጠየቀ በ100 መኪና ስንት ችግር እንደተነገረ ያወጣል። የሦስት ዓመት መኪኖችን በሚመለከተው ጥናቱ ሌክሰስ እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2025 በተከታታይ አንደኛ ወጥቷል። በሌላ በኩል በርካታ ስመ ጥር የአውሮፓ ቅንጡ መኪኖች ከአማካዩ በታች ናቸው። ምክንያቱ አይደንቅም። ምቾት በበዛ ቁጥር ሴንሰሩ፣ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ይበዛል፤ ሊበላሽ የሚችለውም አብሮ ይበዛል። እኔን የገረመኝ ደረጃው አይደለም። ይህ ሁሉ ቁጥር ከባለቤቶች አፍ የወጣ መሆኑ ነው። እነዚያ ሰዎች ውድ መኪናቸው ምን እንደሆነባቸው ሲጠየቁ ተናግረዋል።

ሽፋኑ ሲከፈት

ወደ ጌጃ ሰፈር ልመለስ። ያን ቀን ደላላውም አብሮን ነበር። አጎቴ መኪናውን ሊሸጠው አስቧል፤ ገዢ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሊያየው ነው። ደላላው ጊዜ አላጠፋም። «ጋሼ፣ አጥፋው ይበሉት። ሰውየው ደርሷል እኮ» አለ።

አጎቴ ዝም አለ። ሁለታችንም አፍ አፉን እናየዋለን። ምን እያሰበ እንደነበረ ኋላም አልጠየቅኩትም፤ ግን ያቺ ዝምታ ረጅም ነበረች። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ነገር ጠየቀ፦ «መጀመሪያ ነገር ለምን በራ?»

ልጁ አስረዳው። ብዙ ጊዜ ከመሪው ሥር ያለችው ስፓይራል ነች አለ። መሪው ሲዞር የኤርባጉን ሽቦ ሳትበጥስ አብራ የምትዞር ጥቅል ናት። እሷ ስትበጠስ መብራቱ ይበራል፤ ብዙውን ጊዜ ክላክሱም ይጠፋል። አጎቴ በመስኮት እጁን አስገብቶ መሪውን ተጫነው። ክላክሱ ሰፈሩን አናወጠው። ልጁ ግንባሩን ቋጠረና «እንግዲያው ስፓይራሏ አይደለችም» አለ።

አጎቴ ወደ ደላላው ዞር ሳይል «በል ፈልገው» አለው።

ልጁ ኮምፒውተሩን ሰክቶ አነበበ። ችግሩ የሾፌሩ ኤርባግ መስመር ላይ ነው፤ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም መስመሩ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን፣ ከሚገባው በላይ ነው ይላል። የባትሪውን ገመድ ፈታና ጥቂት ጠበቀ። መስመሩ ውስጥ የቀረ ኃይል ካለ ኤርባጉ ፊቱ ላይ ሊፈነዳ እንደሚችል እየነገረን ነው የጠበቀው። ከዚያ በካቻቢቴ ከመሪው ጀርባ ነካ ነካ አደረገና አርማ ያለበትን ሽፋን አነሳው።

ውስጡ ባዶ ነው።

የታጠፈው ከረጢት የለም። ጋዙን የሚያመነጨው የብረት ቆርቆሮም የለም። ያሉት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። ጫፋቸው ላይ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ሬዚስተር የምትባል ኤሌክትሪክ የምትገታ ዕቃ በእርሳስ ተበይዳለች፤ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልላለች። አንደኛው እግሯ ከብየዳው ለቅቋል።

ልጁ እንዲህ ሲል አስረዳን። የመኪናው ኮምፒውተር ሁልጊዜ በኤርባጉ መስመር ትንሽ ኤሌክትሪክ እየላከ ይለካል። እውነተኛው ኤርባግ ያለው ሬዚስታንስ ሁለት ኦም ገደማ ነው። ኤርባጉን አውጥተህ ያንኑ የሚያህል ሬዚስተር ብታስርበት ኮምፒውተሩ ኤርባጉ አለ ብሎ ያምናል። ቁልፉን ስታዞር መብራቱ ለጥቂት ሰኮንድ ይበራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ልክ እንደ ጤነኛ መኪና።

እንግዲህ መኪናው አጎቴ እጅ ከመግባቱ በፊት፣ የሆነ ቦታ ተጋጭቷል። ኤርባጉ ያን ጊዜ ፈንድቷል። የጠገነው ሰው አካሉን አስተካክሎ፣ ቀለሙን ቀብቶ፣ የኤርባጉን ገንዘብ ግን ኪሱ አስቀርቶታል። ከዚያ በኋላ የእኛ መንገድ ጉድጓድ እያነጠረ እያነጠረ ብየዳውን አላቀቀው። መብራቱ የበራው መኪናው አዲስ ስለተበላሸ አልነበረም። ውሸቱ ስለተበላሸ ነው።

ልጁ ዞሮ ከጎን ባለው ወንበር በኩል ዳሽቦርዱን በጣቱ ዳሰሰው። አንድ ቦታ ላይ ቆመና ደጋግሞ ተጫነው። «ይሄም ተከፍቶ የተለበጠ ነው» አለ። አጎቴ እዚያ የነበረ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። «እሷ እኮ እዚህ ነው የምትቀመጠው» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ያን ቀን ግን ሆዴን ነካኝ። መሪው ላይ ኤርባግ የሚል ጽሑፍ በጉልህ ተቀርጿል። ሊብሬው ሙሉ ነው፤ ቦሎውም መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። በዓመታት ውስጥ ስንቴ በአዳማው ፈጣን መንገድ ሄደዋል። ስንቴ ልጆቹ ተኝተው፣ እናትየው ከፊት ሆና፣ በሌሊት ከክፍለ ሀገር ተመልሰዋል።

«አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ጭንቅንቅ ማን ፈጥኖ ይጋጫል?» የሚሉኝ አሉ። ቀን ቀን መስቀል አደባባይን ለሚያውቅ ሰው እውነት ይመስላል። ግን ቀለበት መንገድን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያያት ሰው እንዲህ አይልም። ከባድ ግጭት ሲደርስ ኤርባግ በሰኮንድ መቶኛዎች ውስጥ ነው የሚነፋው፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አይቆይም። ያኔ ባዶ ከሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለዚያች ቅጽበት ነው። የቀረው ቀበቶ ብቻ ነው።

ለተቀባይዋ የተነገረው ነገር

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ካነበብኩት ሁሉ ከውስጤ ያልወጣው አንድ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2009 በካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ አጠገብ፣ አንድ የትራፊክ ፖሊስ ከሥራ ውጪ በሆነበት ቀን ሌክሰስ ኢ.ኤስ. 350 እየነዳ ነበር። መኪናው የራሱ አይደለም። የእሱ እየተጠገነ ስለሆነ ሻጩ ለጊዜው ያዋሰው ነው። ሚስቱ፣ ልጁና የሚስቱ ወንድም አብረውት አሉ። የእግር ምንጣፉ ለሌላ ሞዴል የተሠራ ነበርና የነዳጁን ፔዳል ያዘው። መኪናው ከ160 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ፈጠነ። ከመኪናው ውስጥ ለድንገተኛ ጥሪ ስልክ ተደወለ፤ ፍሬን የለንም እያሉ ነው የደወሉት። አራቱም ሞቱ።

ይህ ብቻውን ልብ ይሰብራል። ምርመራው ያወጣው ግን ከዚህም የባሰ ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት ያንኑ መኪና ሌላ ደንበኛ ተውሶት ነበር። እሱም ላይ ምንጣፉ ፔዳሉን ይዞበታል። እሱ እንደምንም አስለቅቆ ተረፈ። መኪናውን ሲመልስ ለተቀባይዋ ነገራት። የሆነውን ነግሮ ሄደ። የተናገረው ነገር ግን ምንጣፉን ሊያነሳ የሚችል ሰው ጋ አልደረሰም። መኪናው እንዳለ ለሚቀጥለው ሰው ተሰጠ።

ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። የተናገረው ሰው ግዴታውን ተወጥቷል። አራት ሰው ለማትረፍ የሚያስፈልገው እውቀት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሯል። የሚያስፈልገው ሥራ ጎንበስ ብሎ አንድ ምንጣፍ ማውጣት ነበር። መሐል ላይ ያለው ክር ነው የተበጠሰው። ከአደጋው በኋላ ቶዮታ በምንጣፍና በፔዳል ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለጥገና ጠራ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደንበኞቹን ስለ ችግሩ ማሳሳቱን አምኖ ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ቢ.ኤም.ደብልዩ መኪኖች መንገድ ላይ መቃጠል ጀመሩ። በዚያ ዓመት ብቻ በአሥሮች የሚቆጠሩ ተቃጠሉ። ባለቤቶቹ አላፈሩም። ተሰብስበው ፍርድ ቤት ሄዱ፣ በአደባባይ ጮኹ። ጭስ ወደ ሞተር የሚመልሰው ክፍል ማቀዝቀዣው ኩላንት የሚባለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ እያፈሰሰ እሳት ያስነሳ እንደነበር ታወቀ። መንግሥት ምርመራ ያላለፉት መንገድ ላይ እንዳይወጡ አዘዘ። ኩባንያው በዓለም ዙሪያ 1.6 ሚሊዮን ያህል መኪና ጠራ። ባለቤቶቹ የመኪናቸው ዋጋ እንደሚወድቅ አላወቁም ማለት አይደለም። አውቀው ነው የጮኹት።

ደብዳቤው የማን ቤት ይደርሳል?

ውጭ አገር እንዲህ ያለ ችግር ሲረጋገጥ አምራቹ በሻንሲ ቁጥር እየፈለገ ለባለቤቱ ደብዳቤ ይልካል። ሪኮል የሚሉት ይህ ነው። ባለቤቱ ይሄዳል፣ በነፃ ይጠገንለታል። ደብዳቤው ግን የሚሄደው መኪናው በተመዘገበበት አገር፣ ወደ ተመዘገበበት ሰው ነው። መኪናው ተሽጦ ዱባይ ገብቶ፣ ከዱባይ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲደርስ ደብዳቤው የመጀመሪያው ሰውዬ ሳጥን ውስጥ ቀርቷል። በማውቃቸው ባለመኪኖች መካከል እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው አንድም ሰው የለም።

የታካታን ነገር ውሰዱ። ይህ የጃፓን ድርጅት ለብዙ አምራቾች ኤርባግ ያቀርብ ነበር፤ ከነዚህም ቢ.ኤም.ደብልዩ፣ መርሴዲስ፣ አውዲና ሌክሰስ ይገኙበታል። ከረጢቱን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት የሚባል ነገር ነው። ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት ይበላሻል። ያኔ ሲፈነዳ ከልክ በላይ ስለሚሆን የብረት ቆርቆሮውን ይበጣጥሰዋል፤ ስብርባሪው ወደ ተሳፋሪው ይወረወራል። ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ኤርባግ እንዲቀየር ተጠርቷል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ።

አዲስ አበባ ደጋ ነች፤ ሙቀቱ አያሰጋንም ልንል እንችላለን። ግን መኪናው እዚህ ከመድረሱ በፊት የት ነው የኖረው? የባሕረ ሰላጤው ሙቀትና የባሕር እርጥበት ውስጥ ዓመታት ያሳለፈ መኪና ያን ሁሉ ይዞት ነው የሚመጣው።

ወይም መርሴዲስን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ጠርቷል። በ2004 እና በ2015 መካከል የተሠሩ ኤም.ኤል.፣ ጂ.ኤል. እና አር. ክላስ ሞዴሎች ናቸው። የፍሬኑን ኃይል የሚያግዘው ክፍል ላይ፣ ከጎማ ሽፋኑ ሥር ውኃ እየተጠራቀመ ብረቱን ሊያዝገው ይችላል። በከፋ ሁኔታ ፔዳሉና ፍሬኑ ይለያያሉ። ባለቤቶቹ እስኪታይላቸው ድረስ እንዳይነዱት ነው የተነገራቸው። እነዚህን ሞዴሎች ቦሌ መንገድ ላይ ሳይ ዓይኔ ይከተላቸዋል። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ሲወርዱ ስመለከት ደግሞ ሆዴ ይርዳል። ሾፌሩ ያውቅ ይሆን? የተስተካከለለት ይሆን? መኪናውን ቆልፎ ሲገባ ጥበቃውን «እይልኝ» የሚለው ሰው፣ ይህን የሚነግረው የለውም።

አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ቶዮታ ቢ.ዚ.4ኤክስን ለገበያ ባቀረበ በወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022፣ ወደ 2,700 መኪኖች ጠርቶ እንዳይነዱ አስጠንቅቋል። የጎማው ብሎኖች ሊላሉ፣ ጎማውም ሊወልቅ ስለሚችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የአሜሪካ መርማሪዎች የቴስላ ሞዴል ዋይ በሮችን መመርመር ጀመሩ። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ስትደክም በሩ ከውጭ አልከፈት እያለ፣ ልጆቻቸው ውስጥ የቀሩባቸው ወላጆች መስታወት እስከ መስበር ደርሰዋል። ምርመራው የተጀመረው እነዚያ ወላጆች አቤት ስላሉ ነው። በሩ በኤሌክትሪክ የሚከፈት መኪና የያዛችሁ ሁሉ ዛሬውኑ በእጅ የሚከፈትበትን ቦታ ፈልጉ። ለልጆቻችሁም አሳዩአቸው።

ገዢው ምን አለ?

አጎቴ ያን ቀን ሬዚስተሯ እንድትበየድ አልፈቀደም። ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ «ብበይዳት እኮ ይጠፋል» ብሎት ነበር። አጎቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሽፋኑን መልሰው ገጠሙት፤ መብራቱ እንደበራ ሄድን።

ከሰዓት በኋላ ስታዲየም አካባቢ ገዢውን አገኘነው። ትሑት ሰው ነው፤ ከልጁ ጋር ነበር የመጣው። አጎቴ ሁሉንም ነገረው፤ መሪው ባዶ እንደሆነ፣ ዳሽቦርዱ እንደተለበጠ፣ መኪናው ተጋጭቶ እንደነበር። ሰውየው ረጅም ሰዓት አመሰገነ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሌላ ሰው ቢሆን አይነግረኝም ነበር» አለ። ሄደ።

ከሳምንታት በኋላ ደላላው ደወለ። ሰውየው ያንኑ ሞዴል ከሌላ ሰው ገዝቷል። ዓመተ ምሕረቱም ተመሳሳይ ነው። «ያኛው መብራት የለበትም» አለን።

ይህን ስሰማ የተሰማኝን መግለጽ ይከብደኛል። ገዢው ሞኝ አይደለም። ዓይኑ ሊያይ የሚችለውን አይቶ ገዛ። የምንኖርበት ገበያ እውነቱን የተናገረውን ዋጋ ያስከፍላል፣ መብራቱን ያጠፋውን ይክሳል። መብራት አለመብራቱ ደግሞ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ቁልፍ ሲዞር ጨርሶ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተነቅሏል ማለት ሊሆን ይችላል። በርቶ ከጠፋም የአጎቴን አይተናል። የሚያረጋግጠው ከፍቶ ማየት ብቻ ነው። ቅንጡ መኪና ልትገዙ የምትሄዱ ሰዎች ሆይ፣ ለሞተርና ለካምቢዮ መካኒክ እንደምትወስዱት ሁሉ፣ ኤርባጉን ከፍቶ የሚያሳያችሁ ኤሌክትሪሺያን ውሰዱ። ሻጩ እንቢ ካለ እንቢታው ራሱ መልስ ነው።

አጎቴ አሁን መኪናውን ከገበያ አውጥቶታል። ሶማሌ ተራ ኤርባግ ጠይቆ ነበር፤ ያሳዩትም አሉ። ከየትኛው መኪና እንደወጣ፣ ስንት ዓመት እንደቆየ፣ እውነተኛ ይሁን ተመስሎ የተሠራ ግን ማንም ሊነግረው አልቻለም። ተመስሎ የተሠራው ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ያወጣውን ማስጠንቀቂያ አንብቤያለሁ። ተጋጭተው ርካሽ ኤርባግ የተገጠመላቸው ያገለገሉ መኪኖች በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት ሰው ገድለዋል። ስለዚህ አጎቴ ጀርመን ያለ ዘመዳችንን አስቸግሮ፣ በሻንሲ ቁጥሩ ትክክለኛውን ከነኮምፒውተሩ አዘዘ። ዋጋው ያስደነግጣል። እስኪመጣ ቀበቶውን አጥብቆ ብቻውን ነው የሚነዳው፤ ባለቤቱና ልጆቹ በራይድ ይሄዳሉ።

እኔ ደግሞ የእህቴን ሊብሬ ተቀበልኳት። መኪናዋ ከአሜሪካ የመጣ ቅንጡ መኪና ነው፤ አንድም ቀን መብራት አብርቶባት አያውቅም። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። የዚያው የአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡት ያልተጠገነ ሪኮል ካለ ይነግራችኋል፤ ለአሜሪካ ገበያ ለተሠሩ መኪኖች ነው የሚሠራው። ውጤቱ መጣ፦ የፊት ተሳፋሪ ኤርባግ፣ አልተቀየረም። ጥሪው ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። መኪናው ያኔ ገና እዚያው ነበር።

ገጹን አትመን እዚህ ወዳለው የአምራቹ ወኪል ወሰድነው። መጀመሪያ የተቀበለችን ልጅ «እኛ እዚህ የሸጥነው አይደለም» አለችን። እህቴ አልተነሳችም። ስማችንን፣ ቀኑንና የሻንሲ ቁጥሩን በወረቀት እንድትመዘግብ፣ ለቴክኒክ ኃላፊው እንድታደርስና የተቀበለችበትን ፊርማ እንድትሰጠን ጠየቀቻት። ሰጠችን። ኃላፊው ደውሎ ዕቃው ይገኝ እንደሆነ ለአምራቹ ጽፎ እየጠበቀ መሆኑን ነግሯታል። እስከዚያ ድረስ በእህቴ መኪና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ማንም አይቀመጥም።